ከልደት ጀምሮ ስለ ተጣበቁ ጣቶችና ስለ ቀዶ ሕክምናቸው

የሰው እጅ የአካል ጥናት ሊቃውንት ብቻ የሚመረምሩት ነገር አይደለም። ፈታይዋ እንዝርቷን የምታሾረው፣ ሸማኔው መወርወሪያውን የሚወረውረው፣ በገና ደርዳሪው እያንዳንዱን አውታር ለይቶ የሚነካው፣ ጸሐፊው ብርዑን የሚይዘው በጣቶቹ ነው። በማዕድ ዙሪያም እንጀራው የሚቆረሰውና ጉርሻው የሚጠቀለለው በጣት ስለ ሆነ፣ የአንድ ሰው እጅ በየቀኑ በሌሎች ሰዎች ዐይን ፊት ይዘረጋል። ስለዚህ ጣቶቹ ተጣብቀው የተወለደ ሕፃን ጉዳይ የሐኪም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕዝብን ኑሮና አስተሳሰብ የሚያጠና ሰው ጉዳይም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ሦስት ነገሮችን ነው፤ ይኸውም አንደኛ ጣቶች በማኅፀን ውስጥ እንዴት እንደሚለያዩና ለምን ተጣብቀው እንደሚቀሩ፣ ሁለተኛ የሰው ልጅ ስለ ምክንያቱ ምን እንዳሰበ፣ ሦስተኛም የቀዶ ሕክምናው ጥበብ በምን መንገድ አድጎ ዛሬ ካለበት እንደ ደረሰ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት እጅግ ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ጣቶችን አንድ ያደረጋቸው ቆዳ ከሆነ፣ ቆዳውን ሰንጥቆ መለየት ይበቃል የሚል ሐሳብ ለማንም ይመጣል። የብዙ ሕፃናት እጅ የተበላሸው ግን በዚሁ ሐሳብ ነው። ቀላል የሚመስለው ነገር ለምን ቀላል እንዳልሆነ መረዳት የዚህ ጽሑፍ ዋና ዓላማ ነው።

1. ስሙና ዓይነቱ

ሐኪሞች ይህን አፈጣጠር «ሲንዳክቲሊ» ይሉታል። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «ሲን» ማለት በአንድነት፣ «ዳክቲሎስ» ማለት ደግሞ ጣት ነው። ከልደት ጀምሮ በእጅ ላይ ከሚታዩት የአፈጣጠር ልዩነቶች መካከል በብዛት ከሚገኙት አንዱ ሲሆን፣ በሕይወት ከሚወለዱ ከ2,000 እስከ 2,500 ሕፃናት ውስጥ በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ካለባቸውም ሕፃናት ግማሽ በሚያህሉት ላይ የሚታየው በሁለቱም እጆች ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚጣበቁት የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ናቸው። ቀጥሎ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት፣ ከዚያም አመልካች ጣትና የመሐል ጣት ይመጣሉ። አውራ ጣትና አመልካች ጣት ተጣብቀው የሚወለዱት ግን እጅግ በጥቂቱ ነው።

ሐኪም ሕፃኑን ሲመረምር በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ጣቶቹ እስከ ምን ድረስ ተጣብቀዋል የሚል ነው። እስከ ጫፋቸው የተጣበቁ ከሆነ ሙሉ፣ መንገድ ላይ የተለያዩ ከሆነ ከፊል ይባላል። ሁለተኛው ጥያቄ ያጣበቃቸው ምንድን ነው የሚል ነው። ቆዳና ከቆዳ በታች ያለው ስስ ሥጋ ብቻ ከሆነ ቀላል፣ አጥንት ከአጥንት ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ውስብስብ ይባላል። ይህንን ለመለየት በእጅ መዳሰስ አይበቃም፤ በራጅ መታየት አለበት። ሁለት ጣቶች አንድ ሰፊ ጥፍር ተካፍለው ሲገኙ ብዙውን ጊዜ በጫፋቸው ላይ አጥንቱም የተገናኘ መሆኑን ያመለክታል።

ከዚህም በላይ እጁ ብቻውን መታየት የለበትም። ፈረንሳዊው ሐኪም አፔር በ1906 (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) የራስ ቅል አጥንቶች ያለ ጊዜያቸው ከመግጠማቸው ጋር የእጅና የእግር ጣቶች በአንድነት የሚጣበቁበትን አፈጣጠር ገልጾ ስለ ጻፈ፣ አፈጣጠሩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1841 ደግሞ በለንደን በጋይስ ሆስፒታል የሕክምና ተማሪ የነበረው አልፍሬድ ፖላንድ በአንድ አስከሬን ላይ በአንድ ወገን የደረት ጡንቻ መጉደሉን መዝግቦ ነበር። በዚያው ወገን እጁም የተጣበቁ ጣቶች ነበሩት። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1962፣ በዚያው ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ፓትሪክ ክላርክሰን የሁለቱን ግንኙነት አስታውሶ ነገሩን በፖላንድ ስም ሰየመው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም የተጣበቁ ጣቶች ሲያይ የሕፃኑን ልብስ አስወልቆ ደረቱን፣ ራሱንና እግሩን ይመረምራል።

2. ጣቶች በማኅፀን ውስጥ እንዴት ይለያያሉ

ብዙ ሰው የተጣበቁ ጣቶችን ሲያይ ተለያይተው የነበሩ ጣቶች ኋላ እንደ ተጣበቁ አድርጎ ያስባል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ማንኛችንም ብንሆን በመጀመሪያ ጣቶቻችን የተያያዙ ነበሩ። ፅንሱ በአራተኛው ሳምንት ገደማ የክንድ እምቡጥ ያወጣል። በአምስተኛው ሳምንት የእምቡጡ ጫፍ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በላዩም ላይ የጣቶቹ ዘንጎች እንደ ጨረር ሆነው ይታያሉ። በመካከላቸው ያለው ሥጋ ግን ገና ሙሉ ነው። ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ በዘንጎቹ መካከል ያሉት ሕዋሳት በሥርዓት መሞት ይጀምራሉ፤ ከጫፍ ተነሥቶ ወደ መዳፉ እየወረደ የሚሄደው ይህ ሞት በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ጣቶቹን ነጻ ያወጣቸዋል።

ይህ የሕዋሳት ሞት እንደ ቁስል ወይም እንደ በሽታ የሚቈጠር አይደለም፤ አካል ራሱን የሚቀርጽበት መንገድ ነው። አሜሪካዊው ጆን ሳውንደርስ በ1960ዎቹ በዶሮና በዳክዬ ፅንስ ላይ ባደረገው ምርምር፣ በዶሮ ጣቶች መካከል ብዙ ሕዋሳት ሲሞቱ በዳክዬ ጣቶች መካከል የሚሞቱት እጅግ ጥቂት መሆናቸውን አሳየ። የዳክዬ እግር መዋኛ ቆዳ ይዞ የሚቀረው ስለዚህ ነው። በ1972 ሦስት ሊቃውንት ለዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ያለው ሞት «አፖፕቶሲስ» የሚል ስም ሰጡት። ኋላም ሕዋሳቱን እንዲሞቱ የሚያዝዛቸው ከአካሉ የሚወጣ የኬሚካል መልእክት እንደ ሆነ፣ በዳክዬ እግር ግን ይህን መልእክት የሚያግድ ሌላ ንጥረ ነገር እንዳለ ታወቀ።

እንግዲህ የተጣበቁ ጣቶች ሲባል ሳይለያዩ የቀሩ ጣቶች ማለት ነው። ከዚህ ጠቅላላ ደንብ የሚወጣ አንድ ዓይነት ብቻ አለ፤ ይኸውም በማኅፀን ውስጥ ያለው የሽፋን ክር ጣቶቹ ከተለያዩ በኋላ ጠምጥሞ አስሮ ሲያቈስላቸው ጫፋቸው መልሶ የሚጣበቅበት ነው። ይህኛው የሚለየው በጣቶቹ ሥር መርፌ ወይም ክር የሚያሳልፍ ቀዳዳ በመቅረቱ ነው፤ ቀዳዳው ጣቶቹ አንድ ጊዜ ተለያይተው እንደ ነበር ምስክር ይሆናል።

3. የሰው ልጅ ስለ ምክንያቱ ያሰበው

አንድ ሕፃን ከሌላው የተለየ አካል ይዞ ሲወለድ ምክንያት መፈለግ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። በኤውሮጳ ታላቅ የቀዶ ሕክምና ሊቅ የነበረው ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ በ1573 ባሳተመው ስለ ተለዩ ልደቶች በሚናገረው መጽሐፉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች መካከል የእግዚአብሔር ክብርና ቍጣ፣ የዘር መብዛትና ማነስ፣ የማኅፀን ጥበት፣ እንዲሁም የእናቲቱ ምናብ ይገኙበታል። ይህ የመጨረሻው፣ ማለት እርጉዝ ሴት ያየችው ወይም ያሰበችው ነገር በልጅዋ አካል ላይ ይታተማል የሚለው እምነት፣ በኤውሮጳ ሐኪሞች ዘንድ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ብዙ ደጋፊዎች ነበሩት። ስለዚህ የዚህ ዓይነት እምነት ያልተማረ ሕዝብ ብቻ የሚያምነው ነው ብሎ መናገር የታሪክ ስሕተት ነው።

የሕዝብን ኑሮ የሚያጠና ሰው እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከእነዚህ ማብራሪያዎች ብዙዎቹ በመጨረሻ ሸክሙን የሚያሳርፉት በእናቲቱ ላይ ነው፤ ምን አየሽ፣ ምን በላሽ፣ የት ሄድሽ፣ ምን በደልሽ ተብላ የምትጠየቀው እርስዋ ናት። ከላይ እንደ ተገለጸው ጣቶች የሚለያዩት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና በእርግጥ አላወቁም። እናቲቱ ሆድዋ ገፍቶ ከታየ በኋላ ያየችው ወይም የፈራችው ነገር ጣቶቹን ሊያጣብቃቸው አይችልም፤ በዚያን ጊዜ የጣቶቹ ነገር አስቀድሞ አልቋልና። ሐኪም ይህን አንድ ነገር በቤተ ዘመድ ፊት በግልጽ ቢናገር፣ ከቢላዋው በፊት የሚሰጠው ታላቅ ሕክምና ነው።

አብዛኞቹ ሕፃናት በቤተ ሰባቸው ውስጥ የመጀመሪያ ናቸው። በአንዳንድ ቤተ ሰብ ግን ነገሩ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከአባት ወይም ከእናት የሚወርሰው ልጅ ዕድሉ ለእያንዳንዱ ልደት ከሁለት አንድ ነው። በዚህ ረገድ ታላቅ ትምህርት የተገኘው በቱርክ አገር በአፍዮን ግዛት ከምትገኝ ደርበንት ከምትባል መንደር ነው። በ1995 የወጣ ጥናት በዚያች መንደር ሥር ያለውን አንድ ታላቅ ነገድ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ቈጥሮ፣ ከ180 የሚበልጡ ሰዎች የተጣበቁና በመካከላቸው ትርፍ ጣት የያዙ እጆች እንደ ነበሯቸው አሳየ። በ1996 ምክንያቱ ኤች ኦ ኤክስ ዲ 13 በሚባለው ዘረ መል ውስጥ የሚገኝ አንድ ተደጋጋሚ ክፍል ከመጠኑ በላይ መርዘሙ እንደ ሆነ ታወቀ። ሁለቱም ወላጆች ይህንኑ ነገር ሲያወርሱት ደግሞ የልጁ እጅ ከወላጆቹ ይልቅ እጅግ የከበደ ለውጥ ይታይበታል። የአፔር አፈጣጠር ምክንያትም ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995፣ ኤፍ ጂ ኤፍ አር 2 በሚባል ሌላ ዘረ መል ውስጥ ተገኝቷል።

የደርበንት ጥናት ሊሠራ የቻለው የመንደሩ ሰዎች ዘራቸውን ቈጥረው መናገር በመቻላቸው ነው። በአገራችንም ለጋብቻ ሲባል ዘርን እስከ ሰባት ቤት የመቍጠር ልማድ ያለ በመሆኑ፣ የዘር ሐረግ የሚመዘግብ ተመራማሪ ሽማግሌዎችን ስለ ርስትና ስለ ጋብቻ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ስላለው የአካል ውርስም ቢጠይቅ ለሕክምና ትልቅ ጥቅም ያለው ማስረጃ ያገኛል። ይሁን እንጂ ጥያቄው በጥንቃቄ መቅረብ አለበት። ለሳይንስ ማስረጃ የሆነው ነገር በመንደር ውስጥ የአንዲት ልጃገረድን ጋብቻ የሚያፈርስ ወሬ ሊሆን ይችላልና።

4. የቀዶ ሕክምናው ታሪክ

የተጣበቁ ጣቶችን መለየት ጥንታዊ ሐሳብ ነው። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የነበረው ሮማዊው ኬልሱስ ስለ ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ በሰባተኛው ክፍል፣ ከማኅፀን ጀምሮ ወይም ኋላ በቍስል ምክንያት የተጣበቁ ጣቶች በቢላዋ እንዲለዩ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ጣት ለብቻው በመድኃኒት እንዲጠቀለል ያዝዛል። በ1000 ገደማ በአንዳሉስ የነበረው ታላቁ የዐረብ የቀዶ ሕክምና ሊቅ አቡል ቃሲም አል ዛህራዊም ስለ ትርፍና ስለ ተጣበቁ ጣቶች ጽፏል፤ ከተለዩ በኋላ መልሰው እንዳይገናኙ በመካከላቸው ነገር ማስገባት እንደሚገባ አስታውቋል። እነዚህ ሊቃውንት አንድ ነገር አስቀድመው ተረድተው ነበር፤ ይኸውም መቍረጡ ሳይሆን ተለያይቶ መቅረቱ ከባድ መሆኑን ነው።

በእርግጥም እንዲሁ ነው። ቆዳ የሌለው ሁለት የቈሰለ ገጽ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ቍስሉ መዳን የሚጀምረው ከሥሩ፣ ከጣቶቹ መለያያ ነው፤ እየዳነም ወደ ጫፍ እየወጣ ጣቶቹን እንደገና ያያይዛቸዋል። ይህን ለመከላከል በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የቪዬናው ሩድቶርፈር በጣቶቹ ሥር ቀዳዳ በስቶ የእርሳስ ክር ማሳለፍን ሞከረ። ሐሳቡ ለጆሮ ጌጥ ጆሮ ተበስቶ ክር እንደሚገባበት ነው፤ ቀዳዳው በቆዳ ከተለበጠ በኋላ የቀረው ክፍል ይቈረጣል ማለት ነው። ነገር ግን ቀዳዳውን የከበበው ጠባሳ ስለሚኰማተር የሚፈለገውን ሰፊ መለያያ ሊሰጥ አልቻለም።

እውነተኛው እርምጃ የመጣው በ1810 የቪዬናው ጼለር ከእጅ ጀርባ ሦስት ማዕዘን ያለው ቆዳ ሥሩን ሳይቈርጥ አንሥቶ በጣቶቹ መካከል በማጠፍ መለያያውን በጤነኛ ቆዳ ሲያለብስ ነው። የዛሬው ሕክምና ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው። በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ቤልጅጋዊው ዲዶ ደግሞ አንዱን ጣት ከእጅ ጀርባ በተነሣ ቆዳ፣ ሌላውን ከመዳፍ በኩል በተነሣ ቆዳ የማልበስን ዘዴ አወጣ። ይህም ዘዴ ብልሃት የሞላበት ቢሆንም ሁለት ጉድለት ነበረበት፤ ያለው ቆዳ ለሁለቱም ጣቶች አይበቃም፣ ስፌቱም በጣቱ ርዝመት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቆዳን ከአንድ ስፍራ አንሥቶ በሌላ ስፍራ የመትከል ጥበብ በ1869 ስዊሳዊው ሬቨርዳን ካስታወቀው በኋላ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ስዊድናዊው ሌናንደር በ1891 ይህንኑ ጥበብ ለተጣበቁ ጣቶች ተጠቀመበት። በ1956 ደግሞ በአሜሪካ ክሮኒን በአንድ ወገን፣ ባወር፣ ቶንድራና ትረስለር በሌላ ወገን ባሳተሟቸው ጽሑፎች ቀጥታው ስንጥቅ በመጋዝ ጥርስ አምሳል በተጠማዘዘ ስንጥቅ እንዲተካ አስተማሩ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ልዩ ልዩ ዘዴዎች በአብዛኛው እነዚህን ሦስት ሐሳቦች፣ ማለት የመለያያውን ቆዳ፣ የሚተከለውን ቆዳና የተጠማዘዘውን ስንጥቅ፣ የሚያሻሽሉ ናቸው።

5. ቆዳው ለምን አይበቃም

ይህን ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። የአንድ ሕፃን ጣት ውፍረት 10 ሚሊሜትር ነው እንበል፤ ጣቱም እንደ በትር ክብ ነው ብለን እንቍጠረው። የአንዱ ጣት ዙሪያ 31.4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የሁለቱ ሲደመር 62.8 ነው። አሁን ሁለቱን ጣቶች ጎን ለጎን አድርገን በአንድ ክር ብንከባቸው፣ ክሩ በሁለቱ ዳር ያሉትን ግማሽ ክቦች (በድምሩ 31.4) ከዞረ በኋላ ከላይና ከታች አሥር አሥር ሚሊሜትር ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ርዝመቱ 51.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ የተጣበቁት ጣቶች የለበሱት ቆዳ 51.4፣ ሲለያዩ የሚያስፈልጋቸው ቆዳ 62.8 ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ስፍራ 11.4 ሚሊሜትር ይጐድላል። ካለው በላይ ከአምስት አንድ እጅ የሚበልጥ አዲስ ቆዳ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ በዚህ ላይ መለያያውን የሚያለብሰው ቆዳ ይጨመራል።

ለሁለት ሰዎች አንድ ላይ የተሰፋን ጋቢ ለሁለት ቀዶ እያንዳንዱን ሰው ዙሪያውን ላልብስ የሚል ሰው ጨርቁ እንደሚያጥረው ሁሉ፣ ሐኪሙም ቆዳው ያጥረዋል። ያለውን ቆዳ በግድ ጐትቶ ቢሰፋው የጣቱን ደም ሥር ያንቃል፤ ሳያለብሰው ቢተወው ደግሞ በጠባሳ ይሞላል። ስለዚህ የጐደለውን ከሌላ የአካል ክፍል ማምጣት የግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ሒሳብ የጠባሳ ነው። ጠባሳ ይኰማተራል እንጂ እንደ ጤነኛ ቆዳ ከአካል ጋር አያድግም። በጣቱ ርዝመት ቀጥ ብሎ አንጓዎቹን የሚያቋርጥ ጠባሳ በሕፃን እጅ ላይ ከቀረ፣ አጥንቱ በየዓመቱ ሲረዝም ጠባሳው ባለበት ስለሚቀር እንደ ተወጠረ የቀስት አውታር ጣቱን ወደ መዳፍ ያጐብጠዋል። በመጋዝ ጥርስ አምሳል የሄደ ጠባሳ ግን ሲወጠር ማዕዘኖቹ ስለሚከፈቱ ጣቱን አይስበውም። በቤት ውስጥ በምላጭ ወይም በክር የተለዩ ጣቶች፣ አልፎ አልፎም ልምድ በሌለው እጅ ቀጥ ብለው የተሰነጠቁ ጣቶች፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው የከፋ ጉብጠት የሚያገኛቸው በዚህ ምክንያት ነው።

6. መቼ ይሠራል

«አምስት ጣት እኩል አይደለም» የሚለው ተረት ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ይዟል። የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ርዝመታቸው ስለሚቀራረብ ተጣብቀው ቢቈዩ እርስ በርሳቸው ብዙ አይጐዳዱም፤ ስለዚህ ሕፃኑ ከ12 እስከ 18 ወር እስኪሆነው መጠበቅ ይቻላል። አውራ ጣትና አመልካች ጣት፣ እንዲሁም የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን በርዝመት እጅግ ይለያያሉ። በአንድነት ሲያድጉ አጭሩ ጣት ረጅሙን እያሰረ ያጣምመዋል። ስለዚህ እነዚህ ቀደም ብለው፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ይለያሉ። አውራ ጣት ሲሆን ጥድፊያው በሌላ ምክንያትም ይጠነክራል፤ ሕፃን ነገርን በጣቶቹ ጫፍ ቈንጥሮ መያዝ የሚማረው በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነውና።

እንግዲያው ሁሉም ወዲያው እንደ ተወለደ ለምን አይሠራም ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሁለት ነው። የማደንዘዣው አደጋ በጨቅላ ዕድሜ ይበልጣል፤ የእጁም ደም ሥሮችና ነርቮች እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆኑ ሥራው ያስቸግራል። ብዙ ሐኪሞች የእጅ አያያዝ ልማድ ሥር ከመስደዱ በፊት፣ ማለት እስከ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ሥራው ቢያልቅ ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ መመለስ የለበትም፤ በዕድሜ የገፋ ልጅም ሆነ ጎልማሳ ሊሠራለት ይችላል።

ሌላም የማይጣስ ደንብ አለ። ሦስት ጣቶች ተጣብቀው ሲገኙ የመካከለኛው ጣት ሁለት ጎኖች በአንድ ቀን አይከፈቱም። እያንዳንዱ ጣት ደም የሚያገኘው በሁለት ጎኖቹ በሚሄዱ ሁለት ደም ሥሮች ሲሆን፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢጐዱ ጣቱ ይሞታል። ስለዚህ አንዱ ጎን ከተሠራ በኋላ ሌላው ከጥቂት ወራት በኋላ ይሠራል። ወላጆች «ለምን ሁለት ጊዜ ታስተኙታላችሁ» ብለው ሲያዝኑ ምክንያቱ ይህ መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል።

7. አሠራሩ

ሕፃኑ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ ይተኛል። በክንዱ ላይ የደም ማገጃ ቀበቶ ስለሚታሰር ሐኪሙ ደም ሳይሸፍነው በማጕሊያ መነጽር እያየ ይሠራል። ከመቍረጡ በፊት የስንጥቁን መንገድ ሁሉ በቀለም በቆዳው ላይ ይሥላል፤ በእጅ ጀርባ የሚወጣው የማዕዘን ጫፍ በመዳፍ በኩል ከሚገባው ማዕዘን ጋር እንዲገጥም ተደርጎ የሚሣል በመሆኑ፣ ከሥራው ሁሉ አሳብ የሚጠይቀው ይህ ሥዕል ነው።

በመጀመሪያ ከእጅ ጀርባ፣ ከጣቶቹ ሥር፣ የመለያያው ቆዳ ይነሣል። በጤነኛ እጅ ላይ በሁለት ጣቶች መካከል ያለው ስፍራ ከጀርባ ወደ መዳፍ 45 ዲግሪ በሚያህል ቍልቍለት የሚወርድ ስለ ሆነ፣ የሚነሣው ቆዳ ይህንን ቍልቍለት እንዲመስል ይደረጋል፤ በስፍራውም ጠባሳ እንዳይኖር አንድ ሙሉ ቆዳ መሆን አለበት። ቀጥሎ በተሣለው የመጋዝ ጥርስ መንገድ ጣቶቹ ከጫፍ ወደ ሥር እየተለዩ ይሄዳሉ። ለሁለቱ ጣቶች የሚከፋፈለው ነርቭ ከሚገባው ርቆ ወደ ጫፍ ከተከፈለ በጥንቃቄ በርዝመቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ደም ሥሩ ከሚገባው ርቆ ከተከፈለ ግን እንደ ነርቭ ሊሰነጠቅ ስለማይችል፣ ሐኪሙ ወይም መለያያውን እዚያው ላይ ማቆም፣ ወይም ሌላኛው የጣቱ ደም ሥር መኖሩን አረጋግጦ አንዱን ቅርንጫፍ ማሰር አለበት። ጥፍር በጋራ ሲሆን ከጣቱ ጫፍ በሚነሡ ቀጫጭን ቆዳዎች የጥፍሩ ጠርዝ ይሠራል፤ ጀርመናዊው ቡክ ግራምኮ ያስታወቀው ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ ስፍራ ይሠራበታል።

የተነሡት ማዕዘን ያላቸው ቆዳዎች በየጣቱ ላይ ከተሰፉ በኋላ ባዶ የሚቀሩት ስፍራዎች በእራፊ ቆዳ ይሞላሉ። እራፊው ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ከብሽሽት አካባቢ ነው፤ ጠባሳው በልብስ ይሸፈናልና። ነገር ግን ኋላ በጕርምስና ፀጕር የማይበቅልበትን ውጫዊ ስፍራ መምረጥ ይገባል፤ ይህ ሳይታሰብ ተወስዶ በጣቶች መካከል ፀጕር የበቀለባቸው ሰዎች አሉ። ሙሉ ውፍረት ያለው ቆዳ ከስሱ ይልቅ ስለማይኰማተር ይመረጣል። በቅርብ ዘመን አንዳንድ ሐኪሞች ከእጅ ጀርባ ሰፋ ያለ ቆዳ ወደ መለያያው በማንሸራተትና ከጣቶቹ ትርፍ ስብ በማውጣት እራፊውን ለማስቀረት ችለዋል፤ ይህ ግን ለሁሉም ዓይነት እጅ አይሆንም።

ስፌቱ በራሱ የሚሟሟ ክር ስለሚሆን በኋላ ሕፃኑን ለማስለቀስ ምክንያት አይኖርም። እጁ እስከ ክርን በላይ በወፍራም ፋሻ ተጠቅልሎ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቈያል። ፋሻው እንዲህ ታላቅ የሚሆነው ሕፃን ጣቱን አውጥቶ መጥባት ወይም እራፊውን ማንሸራተት እንዳይችል ነው። እራፊ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር እስኪያያዝ ድረስ ከተንቀሳቀሰ ወይም ከቈሸሸ ይሞታል፤ ቀዳዳው በጠባሳ ይሞላል፤ ሥራውም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

8. ከዚያ በኋላ

ሥራው የሚያልቀው ፋሻው በተፈታ ቀን አይደለም። ጠባሳው እስኪለሰልስ ድረስ በቅባት መታሸት፣ ጣቶቹም መንቀሳቀስ አለባቸው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ኋለኛ ችግር መለያያው ቀስ በቀስ ወደ ጣቶቹ ጫፍ መውጣቱ ነው። ይህ በተለይ ልጁ በፍጥነት በሚያድግበት በጕርምስና ጊዜ ይታያል፤ ከበዛም ሁለተኛ ቀዶ ይጠይቃል። ስለዚህ ሐኪሙ ልጁን እድገቱ እስኪፈጸም ድረስ በየጊዜው ማየት አለበት። ወላጆች ከሩቅ አገር የመጡ ሲሆኑ ይህ ታላቅ ሸክም መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሳይነገራቸው ቀርቶ ኋላ መለያያው ሲወጣ ካዩ ግን ሥራው ከመጀመሪያውም ከንቱ ነበር ብለው ይፈርዳሉ፤ ለጎረቤታቸውም እንዲሁ ይናገራሉ።

እዚህ ላይ መቈረጥ የሌለበትንም መናገር ተገቢ ነው። የእግር ጣቶች፣ በተለይ ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ተጣብቀው ሲገኙ መራመድን ስለማያግዱ በአብዛኛው አይነኩም። በእጅም ቢሆን አጥንቶቹ፣ አንጓዎቹና ጅማቶቹ እጅግ የተደባለቁበት ሁኔታ አለ፤ በአንድነት በሚገባ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ጣቶች ተለያይተው ሁለት የማይታጠፉ ጣቶች ቢሆኑ ሕፃኑ ከሰረ እንጂ አላተረፈም። ሐኪም አምስት ጣት ማሳየትን ሳይሆን የሚሠራ እጅ መስጠትን ዓላማው ማድረግ ይገባዋል።

ይህ ፍርድ ግን ከሐኪሙ ብቻ ሊወጣ አይችልም። የሚሠራ እጅ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚወስነው ልጁ የሚኖርበት ኑሮ ነው፤ እርሻ፣ ፈትል፣ ጽሕፈት፣ ማዕድ እያንዳንዳቸው ከእጅ የሚጠይቁት ይለያያል። እንዲሁም የሰው ዐይን የሚያደርሰው ሸክም በአንዱ መንደር ቀላል፣ በሌላው ከባድ ሊሆን ይችላል። ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ የሚፈሩት ስለ እጁ ሥራ ነው ወይስ ስለ ሰው አፍ፣ ከመምጣታቸው በፊት ማንን ጠየቁ፣ በቤት ውስጥ ምን ተሞከረ፣ እናቲቱስ ምን ተባለች የሚሉት ጥያቄዎች በሐኪም መዝገብ ላይ የሚጻፉበት ስፍራ የላቸውም። እነዚህን ጠይቆ መመዝገብ የሕዝብን ኑሮ የሚያጠኑ ሰዎች ሥራ ነው፤ መልሶቹም ለሐኪሙ መድረስ አለባቸው።

ባጭሩ ለማጠቃለል፣ የተጣበቁ ጣቶች ከቍጣ ወይም ከእናት ምናብ የመጡ ሳይሆኑ በስምንተኛው ሳምንት ሊፈጸም ሲገባው ሳይፈጸም የቀረ ሥራ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ይህን ያልተፈጸመ ሥራ የሚፈጽመው በመቍረጥ ብቻ አይደለም፤ የሚጐድለውን ቆዳ አስቀድሞ በመለካት፣ ጠባሳው የሚሄድበትን መንገድ በመምረጥና የልጁን እድገት በመጠበቅ ነው። ከኬልሱስ እስከ 1956 ድረስ ያለው ረጅም ታሪክ የሚያስተምረን በጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ ለመሰንጠቅ ደቂቃ እንደሚበቃ፣ ተለያይተውና ቀጥ ብለው እንዲኖሩ ለማድረግ ግን የብዙ ትውልድ ሐኪሞች ብልሃት እንዳስፈለገ ነው። ስለዚህ በቤቱ ወይም በመንደሩ እንዲህ ያለ ሕፃን ያየ ሰው ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ ምላጭና ክር እንዳይነካው መከልከል፣ ሕፃኑንም ከስድስት ወር ዕድሜው በፊት የእጅ ቀዶ ሕክምና ለሚያውቅ ሐኪም ማሳየት ነው። ሐኪሙ ቈይታችሁ ኑ ቢላቸው እንኳ በከንቱ አልመጡም፤ የሚመለሱበትን ቀን ያውቃሉና።